ሜዳው ባዶ አይደለም

አጎቴ መንዝ ውስጥ ገብስና ባቄላ ያርሳል፣ በግ ያረባል። ባለፈው ደውሎ ስለ አንድ ስብሰባ አጫወተኝ። የመጡት ሰዎች ዳገቱ ላይ ያለውን የሳር መሬትና የእሱን ያደረ (እንዲያርፍ ሳይዘራ የተተወ) ማሳ እያመለከቱ፣ «ይሄ ሁሉ ባዶ መሬት ለምን ይቀመጣል? ባህር ዛፍ ይተከልበት» አሉ አለኝ። ከዚያ «አንቺ የተማርሽው ምን ትያለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

በስልክ የምችለውን ነገርኩት። ግን ያ «ባዶ መሬት» የሚሉት ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። እኔ ደብረ ብርሃን ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን ስለ ብዝኃ ሕይወት ጻፉ ስላቸው ስለ ደን ይጽፋሉ። ደጋ ተወልደው፣ ሳር ላይ በግ እየጠበቁ አድገው፣ ስለ ሳር የሚጽፍ አንድም የለም። የሳር መሬት ለብዙዎቻችን አንድ ሥራ እስኪሠራበት ድረስ እንዲሁ የተቀመጠ ቦታ ነው። ይሄ አመለካከት ብዙ ነገር እያሳጣን ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሳርና ስላደረ መሬት ልጻፍ።

ከአጎቴ ማሳ ልጀምር። ገብስ ይዘራበታል፣ ቀጥሎ ባቄላ፣ እንደገና ገብስ፣ ከዚያ ያድራል። ድሮ አምስትና ስድስት ዓመት የሚያድር ማሳ ነበር ይላሉ ሽማግሌዎቹ። አሁን መሬቱ ለልጅ ለልጅ ልጅ ሲከፋፈል ጠቦ፣ ሁለት ዓመት ካደረ ብዙ ነው። በመጀመሪያው ክረምት የሚወጣው ገብሱ ውስጥ ስንነቅለው የነበረው አረም ነው። በሁለተኛው ክረምት ግን ማሳው መልኩን ይቀይራል። ሰርዶው ከወሰን እየተሳበ ይገባል፣ ማገጡ ይይዛል።

ማገጥን በግ ጠባቂ ሁሉ ያውቀዋል። በጎቹ መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ እሱ ነው። የባቄላና የአተር ዘመድ ነው። ሥሩ ላይ ያሉት ጥቃቅን ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን ይይዙና ለተክሉ ይሰጣሉ፤ ተክሉ ሲበሰብስ ደግሞ አፈሩ ይጠቀማል። ስለዚህ ያ ማሳ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም፣ ለሚቀጥለው ገብስ ማዳበሪያ እየሠራ ነው። የእኛ ደጋ ደግሞ የማገጥ አገር ነው። ከዝርያዎቹ በርከት ያሉት ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ በዓለም ላይ የትም አይበቅሉም። በግ የሚረግጠው፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ያ ሐምራዊ አበባ የዚህ ምድር ብቻ ሊሆን ይችላል።

አደይ አበባንም አስቡት። መስከረም ሲጠባ የሚፈነዳው የት ነው? ወሰን ላይ፣ ያደረ ማሳ ላይ፣ መንገድ ዳር፣ ያልታረሰ ጥግ ላይ። ወረድ ብሎ ያሉት ባለቀፎዎች ጥቅምትና ኅዳር ላይ የሚቆርጡት ማር የዚሁ አበባ ማር ነው። ወሰኑ እስከ ጫፉ ከታረሰ፣ ያደረ ማሳ ከጠፋ፣ ንቡ ከየት ይቀስማል? ባቄላውን የሚጎበኘው ንብስ ባቄላው በማያብብበት ወራት ምን ይበላል?

አጎቴ ማሳ ላይ ደግሞ የምወዳት ወፍ አለች። አንገቷ ደማቅ ብጫ ነው፤ ዙሪያውን ጥቁር ማተብ ያሰረች ትመስላለች። ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ ሳር ሥር ነው። ይቺም የኢትዮጵያ ብቻ ናት። ዛፍ ላይ ጎጆ አትሠራም። ሳሩ እጅግ አጭር ከሆነ መደበቂያ ታጣለች። ሳሩ በዛፍ ከተተካ ደግሞ ቦታውን ትታ ትሄዳለች። ለእሷ ባህር ዛፍ መትከል ማለት ቤት ማፍረስ ነው።

እንግዲህ «ባዶ» የተባለው ማሳ ላይ ይሄ ሁሉ አለ። ገና ትልቁን አልነገርኳችሁም።

ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙ ሳይርቅ ጓሳ አለ። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሜዳ ነው። ስሙን ያገኘው ከሳሩ ነው። ጓሳ ረጅም፣ ጠንካራ፣ ጉብ ጉብ እያለ የሚበቅል ሳር ነው። ለቤት ክዳን ወደር የለውም። ገመድ ይገመድበታል፣ ገሳ ይሠራበታል። ለእናንተ ለከተማ ልጆች፣ ገሳ ማለት እረኛ ዝናብ ሲመጣ የሚደርበው የሳር ካባ ነው። የመንዝ ክረምት ያለ ገሳና ያለ ባና (ወፍራም የሱፍ ልብስ) አይገፋም ነበር።

ይሄን ሜዳ ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደጠበቀው ይነገራል። አባቶች ሲተርኩ አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት የመንዝ አቅኚዎች አገሩን በፈረስ ግልቢያ ተካፍለው፣ ጓሳውን ግን ለግጦሽና ለሳር ብለው ለይተው ተዉት ይላሉ። ግልቢያው እንዴት እንደነበር እያንዳንዱ ሽማግሌ በራሱ መንገድ ይተርከዋል። ሥርዓቱ ላይ ግን ሁሉም አንድ ናቸው። ቀሮ ይባል ነበር። የሁለቱ አባቶች ዘሮች የየራሳቸውን አባ ቀራ ይመርጡ ነበር። አባ ቀራው ጓሳው የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ ከሕዝቡ ጋር ይወስን፣ ጥበቃውን ያሰማራ፣ የጣሰውን ይቀጣ ነበር።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የመዝጊያው ርዝመት ነው። ጓሳው በተከታታይ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይገባም። ሳሩ ለአጨዳ መድረሱ ሲታወቅ፣ በበጋው እኩሌታ፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ይከፈታል። በዚያን ጊዜ ሌላው ግጦሽ ሁሉ ደርቋል። መጀመሪያ ሳሩ ይታጨዳል፣ ከዚያ ከብቱ ይገባል። ክረምቱ ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ሐምሌ 5 ላይ እንደገና ይዘጋል። ቀኑ ማንም የማይረሳው ቀን ነው። ማስታወቂያ መለጠፍ አያስፈልገውም፤ ጾም የሚፈታ ሁሉ ጓሳው መዘጋቱን ያውቃል። ቅጣቱም ቀልድ አልነበረም። ጥበቃ ውጡ ሲባል የቀረ ሰው ራሱ ይጠየቅ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ጥበቃ ሲባል አጥር ነው የሚታየው። ሰው ይውጣ፣ አውሬው ይግባ። ጓሳ እንደዚያ አልነበረም። ሰው ሳሩን በጣም ይፈልገው ስለነበር ነው የጠበቀው። ቤቱ የሚከደነው በሱ ነው። በድርቅ ዓመት ከብቱ የሚተርፈው በሱ ነው። ቀይ ቀበሮን ላድን ብሎ የዘጋ አባ ቀራ አልነበረም። ቀይ ቀበሮው ግን ዳነ።

እንዴት? ነገሩ ከሥር ነው የሚጀምረው። ጓሳ ሳር በየጊዜው ከተጋጠና ከተረገጠ ይሳሳል፣ ዘር አይሰጥም፣ መሬቱ ይጋለጣል። በተቃራኒው ለዘመናት ማጭድ ካልነካው ደግሞ የሞተው ሳር በላዩ ላይ ይከመራል፣ ፀሐይ መሬት አትደርስም፣ በሳሩ መሃል የሚወጡት ጥቃቅን አበቦችና ቅጠሎች ይታፈናሉ። ረጅም ዕረፍትና በየጥቂት ዓመቱ አንድ አጨዳ ሁለቱንም ችግር ይፈታል። ሳሩ በዕረፍቱ ሥሩን ያደልባል፣ ዘሩን ያራግፋል። አጨዳው ሲመጣ ብርሃን ይገባል፣ ከሥር ያለው ይነሳል። ሁሉም ቦታ በአንድ ልክ ስለማይታጨድ አንዱ ጋ ረጅም፣ ሌላው ጋ አጭር ሳር ይኖራል። ይህ መዘበራረቅ ለአውሬ ሀብት ነው። ረጅሙ ሥር የሳር አይጥ ይደበቃል፣ አጭሩ ላይ ቀበሮው ያድናል።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም። ተቆጥሮ 500 ገደማ ቢሆን ነው። አብዛኛው ባሌ ነው ያለው፤ ጓሳ ላይ ጥቂት መንጋ አለ። የሚበላው አይጥና ፍልፈል ነው ማለት ይቻላል። አይጡ ሳር ይፈልጋል። እንግዲህ ቀበሮውን ለማዳን ብር የሚሰበስብ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ሳሩ እንዴት ነው ብሎ ነው።

ጭላዳውም አለ። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን በዋናነት ሳር በልቶ የሚኖር በዛሬዋ ምድር ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ጠዋት ከገደሉ ወጥተው፣ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ በሁለት እጃቸው ሳር እየነጩ ሲበሉ ማየት የሚያስደስት ነገር ነው። ጓሳ ላይ ጭላዳዎቹን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች አንድ ደስ የሚል ነገር አይተዋል። ቀይ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሃል እየተዘዋወረ አይጥ ያድናል። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፣ እሱም ልጆቻቸውን አይነካም። ብቻውን ሲያድን ከሙከራው 25 በመቶው ሲሳካለት፣ በጭላዳዎቹ መሃል ሲያድን ግን 67 በመቶው ይሳካለታል። ጥናቱ በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ታትሟል። ሁለት ኢትዮጵያ ብቻ ያሏት እንስሳት፣ አንድ ሜዳ ላይ፣ እንዲህ ተላምደው ይኖራሉ። ያ ሜዳ ታርሶ ቢሆን ኖሮ ይሄን ማንም አያየውም ነበር።

ከዚያም ውሃው አለ። የጓሳ ሳርና ረግረግ የክረምቱን ዝናብና ጉም እንደያዘ በጋውን ሙሉ ቀስ እያለ ይለቃል። ከዚያ ከፍታ የሚወርደው ውሃ ከፊሉ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ታች ቆላ ላይ መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ የላይኛውን ሳር አያውቀውም፤ የሚኖረው ግን በሱ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። መሬት ላራሹ ለብዙ ሚሊዮን ጭሰኛ ፍትሕ ነበር፤ ይሄን አልክድም። ለጓሳ ግን ሌላ መዘዝ ይዞ መጣ። ቀሮ በአጽመ ርስት፣ ማለትም ከአባቶች በዘር በሚወረስ የመሬት መብት ላይ የቆመ ሥርዓት ስለነበር አብሮ ወደቀ። የአስቦና የጌራ ዘር ያልነበሩትም መብት አገኙ። ይህ ተገቢ ነው። ግን ማን ይዝጋ፣ ማን ይክፈት የሚለው ባለቤት አጣ። አንዳንዱ ጋ ማረሻ ገባ፣ ከብት ዓመቱን ሙሉ ዋለበት፣ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ለማገዶ ተመነጠረ። በዕድሜ የገፉት ሲናገሩ ድምፃቸው ይቀየራል።

ሕዝቡ ግን ዝም ብሎ አላየም። ቀስ በቀስ እድር መሰል ደንብ አወጣ። በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ሁሉ ተወካይ ላኩ፣ ኮሚቴ አቋቋሙ፣ ጠባቂ ቀጠሩ። በኋላም ክልሉ ጓሳን የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ብሎ በሕግ አወቀው። በድሮው ዘር ቆጥሮ የነበረው መብት አሁን በነዋሪነት ሆነ። መዝጊያና መክፈቻው ቀጠለ። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ይሄ ነው፦ ሥርዓቱ የሚጠቅመው ሰው እስካለ ድረስ ሌላ ስም ይዞ ይመለሳል።

ስጋቴም እዚሁ ላይ ነው። ቆርቆሮ መጣ። ዛሬ መንዝ ውስጥ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ጓሳ አይከድንም። አልፈርድበትም። ቆርቆሮ አያፈስም፣ እሳት አይፈራም፣ በየጊዜው አይጠገንም። ገሳውንም ላስቲክና የቻይና ጃኬት ተክቶታል። ገመዱንም ናይለን። ታዲያ ሳሩን የሚፈልገው ሲቀንስ ሳሩን የሚጠብቀውስ? አያቱ በጓሳ ክዳን ቤት ውስጥ የኖረ ወጣት ዛሬ «ይሄ ሁሉ መሬት ለቀበሮ ነው እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መሬት የሌለው ወጣት ነው የጠየቀው። መልሱ ንግግር ሳይሆን ገቢ መሆን አለበት። ማኅበረሰቡ የራሱ የእንግዳ ማረፊያ አለው፤ አስጎብኚና ጠባቂ ሆነው የሚሠሩ የአካባቢው ልጆች አሉ። ያለፉት ዓመታት የሰላም እጦት ጎብኚውን አስቀርቶታል እንጂ መንገዱ ትክክለኛ ነበር። ሳሩም ቢሆን ዛሬም ለከብት መኖ ዋጋ አለው፤ በድርቅ ዓመት ደግሞ ከወርቅ ይበልጣል። ይሄን በገንዘብ አስልቶ ለወጣቱ ማሳየት የሚችል ሰው ያስፈልገናል።

አሁን ወደ ባህር ዛፉ። በዛፍ ተከላ ላይ ክፋት የለኝም። ዛፍ የነበረበት፣ የተራቆተ፣ ቦረቦር የበላው ቦታ ይተከል፤ አገር በቀል ዛፍ ቢሆን ደግሞ እሰየው። ግን ከጥንትም ሳር የነበረ ሜዳ ላይ ዛፍ መደርደር አረንጓዴ ማድረግ አይደለም። አረንጓዴ ነበርና። የሳር መሬት ካርቦን የሚያስቀምጠው በአብዛኛው ከአፈር በታች ነው፤ ስለማይታይ አይቆጠርለትም። ባህር ዛፍ ውሃ ይስባል፣ ሥሩ ሥር ብዙ ነገር አያስበቅልም። ገበሬው ለምን እንደሚተክለው ግን በደንብ ይገባኛል። ጥቂት ዓመት ጠብቆ ቋሚ እንጨት ሲሸጥ የልጅ ትምህርት ቤት ወጪ፣ የሠርግ ወጪ ይሸፍንለታል። ገብስ በውርጭ ሲመታ ባህር ዛፉ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ለአጎቴ የነገርኩትም ይህንኑ ነው፦ መትከል ካለብህ ቦረቦሩን ይዘህ ትከል፣ ያደረውን ማሳና ዳገቱን ተወው። በኩበት ፈንታ እንጨት ብታነዱ ኩበቱ ለማሳው ይተርፋል፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እሱም ለጎረቤቶቹ ሲነግር፣ አንድ ሽማግሌ «ድሮም እኮ ዳገቱ የበግ ነው» ብለው ደገፉት። ቦረቦሩ ላይ ተስማምተዋል።

ጉዳዩ የመንዝ ብቻ አይደለም። ነገሌ ቦረና አጠገብ የሊበን ሜዳ አለ። እዚያ የምትኖር አንዲት ቡናማ፣ ሳር የምትመስል ትንሽ ወፍ አለች፤ በአፍሪካ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች አንዷ ናት። ቀድሞ የቦረና አርብቶ አደሮች ሜዳውን በየጊዜው እያቃጠሉ ቁጥቋጦ እንዳይውጠው ያደርጉ ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማቃጠል ተከለከለ። ቁጥቋጦው ወረረ። በሌላ በኩል ማረሻው መጣ። ሜዳው ከሁለት ወገን ተቆረሰ። ተስፋ የሰጠው ነገር የቦረናዎቹ የራሳቸው ልማድ ነው፦ ካሎ። በዝናብ ወራት የግጦሽ ቦታ ከልሎ፣ በደረቅ ወራት ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶች መክፈት። ካሎ በተከለለበት ሳሩ ቁመት አገኘ፤ ከብቱም ጠገበ፣ ወፏም መደበቂያ አገኘች። መንዝና ቦረና በቋንቋ፣ በአየር ጠባይ፣ በአኗኗር የተራራቁ ናቸው። ያገኙት መፍትሔ ግን ያው ነው፦ ዝጋ፣ ጠብቅ፣ በጊዜው ክፈት።

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ አዲስ ዓለም አካባቢ፣ በርጋ የሚባል ረግረጋማ የሳር ሜዳ አለ። ክረምት ላይ ሳሩ በስሱ ውሃ ይሸፈንና ክንፏ ላይ ነጭ ያላት፣ ከጫጩት የማትበልጥ ወፍ ትመጣና ትፈለፍልበታለች። በዓለም ላይ በጣም ጥቂት ናት። እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ስትራባ የታየችው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነበር። ጎጆዋን ሳሩ መሃል ስለምትሠራ ከብት ከገባ እንቁላሏ ይረገጣል። የሚያስፈልጋት ብዙ አይደለም። እነዚያን የክረምት ወራት ከብት ባይገባ፣ ሳሩ ጫጩቶቹ እስኪወጡ ባይታጨድ በቂ ነው። የአካባቢው ሰዎች ይሄን ተረድተው ጥበቃው ውስጥ ገብተዋል። ሳሩ ዘግይቶ ሲታጨድ ድርቆሹም አይጠፋም፤ ማንም ብዙ አልተጎዳም።

ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው ምን ያድርግ ትሉኛላችሁ። ጓሳን የሚያህል ሜዳ አያስፈልግም። የሳር መሬት ካላችሁ ድርቆሹን በአንድ ቀን ሙልጭ አድርጋችሁ አትጨዱት። አንዱን ጥግ ለዘር ተዉት፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላውን ጥግ። አጨዳውን ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር ውጡ። ከዳር ወደ መሃል ከመጣችሁ ጫጩቱም ጥንቸሉም መሃል ላይ ይታፈናል፣ መውጫ ያጣል። ውሃ የሚቋጥረውን ዝቅተኛ ቦታ መስከረም እስኪያልቅ ድረስ ከብት አታስገቡበት፤ ለወፉ ብቻ አይደለም፣ በክረምት የተረገጠ ረግረግ በበጋ ድንጋይ ይሆናል። ወሰኑን ማረሻ አታስነኩት፤ አንድ ክንድ ስፋት ያለው ወሰን ላይ ስንት ዓይነት ተክል እንዳለ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩ። ያደረውን ማሳ ደግሞ ክረምቱ ሳይወጣ አትገልብጡ። አደዩ ያብብ፣ ዘሩን ይጣል፣ ወፏ ልጆቿን ታውጣ። ከዚያ ይታረስ።

ማሳ ማሳደር ቅንጦት ነው የሚለኝ አለ። ማዳበሪያ አለ፣ ለምን ይደር? እኔ ደግሞ የማዳበሪያ ዋጋ የት እንደደረሰ ገበሬውን ጠይቁት እላለሁ። ማዳበሪያ ያስፈልጋል፣ ግን ማገጥ የሚሰጠውን ሁሉ አይሰጥም። አፈሩን አያለሰልስም፣ በግ አያበላም፣ ንብ አያኖርም። ሁለት ዓመት ማሳደር ያልቻለ አንድ ዓመት ያሳድር። ሙሉ ማሳውን ያልቻለ ሩቡን ያሳድር። ደግሞ አንድ ገበሬ ብቻውን ቢያሳድር የጎረቤት ከብት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ጎን ለጎን ያሉ ማሳዎች አብረው ቢያድሩ፣ መዝጊያው ቀን ለሁሉም አንድ ቢሆን ይሻላል። ይሄ እንግዲህ የቀሮ ነገር ነው በትንሹ።

ትምህርት ቤት ላይም አንድ ነገር ጀምሬያለሁ። ተማሪዎቼን ከግቢው ጀርባ ያለውን የሳር ጥግ በገመድ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር አስከልዬ፣ ውስጡ ያለውን ሁሉ እንዲጽፉ አደርጋለሁ። መጀመሪያ «ሳር ነው፣ ሌላ ምን አለ?» ይላሉ። ከዚያ አንዱ አኪርማ ያውቃል፤ እናቱ ስፌት ትሰፋለችና። ሌላዋ ማገጡን በስም ትጠራለች። አንዱ ጥንዚዛ ያገኛል። ገጠር ያደጉት ከከተማዎቹ ይበልጣሉ፤ በክፍል ውስጥ ዝም የሚሉት ልጆች እዚያ ላይ መምህር ይሆናሉ። የጥበቃ ሠራተኛውን «እባክዎ ጋሼ፣ ይቺን ጥግ አያሳጭዱብኝ» ብዬ ለምኛቸው እሺ ብለውኛል።

አሁን የናንተን ልስማ። ጎጃም፣ ወሎ፣ ጎንደር፣ አርሲ፣ የትም ብትሆኑ፣ እናንተ አካባቢ ተከልሎ የሚቀመጥ የሳር ቦታ ካለ ጻፉልኝ። በየትኛው በዓል ይዘጋል? በየትኛው ይከፈታል? ማን ይወስናል? የጣሰ ምን ይቀጣል? ድሮ ነበር፣ አሁን ቀረ የሚባልም ካለ መቼና በምን ምክንያት እንደቀረ ጻፉ። ወላጆቻችሁንና አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ በስልክም ቢሆን። የመጣልኝን ሁሉ ሰብስቤ እዚሁ አወጣዋለሁ፤ የአካባቢውን ስም እንጂ የሰው ስም አልጽፍም።